«ጉድጓዱ» የሚወጣበት ቀን

ሰው ሁሉ «ጉድጓዱ» ቶሎ እንዲወጣ ዱአ ሲያደርግ እኔ እንዳይወጣ አደርግ ነበር። ለእንዲህ ያለ ነገር እጅ ዘርግቶ መለመን እንደሚያሳፍር አውቃለሁ። ግን ፈርቼ ነበር፤ ምን ላድርግ።

«ጉድጓዱ» የኮምፒውተር ጌም ነው። ትክክለኛ ስሙ ረጅም እንግሊዝኛ ስለነበር ከመካከላችን ደፍሮ የሚጠራው አልነበረም። አራት ጀግኖች ትፈጥራለህ፣ ስም ታወጣላቸዋለህ፣ ከዚያ ከአንድ ከተማ ሥር ወዳለ ጉድጓድ ይዘሃቸው ትወርዳለህ። በየማዕዘኑ የሚበላህ ነገር አለ። ዛሬ ለሚያየው ሥዕሉ ያስቃል፤ ግድግዳው ግራጫ፣ ጭራቁ የተቆራረጠ ካርቶን። እኛ ግን ደሴ፣ ቧንቧ ውሃ ሰፈር፣ ጋሽ አብዱልወሀብ የጽሕፈትና የፎቶ ኮፒ ቤት ውስጥ፣ ደንበኛ በሌለበት ሰዓት እሱን እየተጫወትን ነው ያደግነው። እኛ ስል እኔ ሱሀይላ፣ ታላቅ ወንድሜ ከሊድ፣ እና ከኋላችን ቆሞ «ወደ ግራ! ወደ ግራ አልኩህ!» እያለ የሚጮህ የሰፈር ልጅ ሁሉ።

እንደ እኛ አድርጎ የተጫወተው ሰው በዓለም ላይ ያለ አይመስለኝም። የጌሙ ከተማ መሃል አንድ ቤት ነበረ፤ በሩ ላይ ቀንድ ያለው ምስል ተቀርጿል። ከሊድ ገና በመጀመሪያው ቀን «ይሄማ የጣኦት ቤት ነው፣ አንገባም» አለ። ጋሽ አብዱም መነጽራቸውን ከፍ አድርገው አዩና «ልክ ነው፣ ሐራም ነው» ብለው አጸደቁለት። በቃ፣ ማንም አልገባም። እኛ ዘንድ ደግሞ ጉድጓድ ውስጥ የሞተ ጀግና ሞተ ነው። «ኢና ሊላሂ» እንላለን፣ ስሙን እናጠፋለን፣ ጀግናው የሞተበት ልጅ ደግሞ ሰደቃ ብሎ ለሁላችንም ሳምቡሳ ይገዛል።

ስም የማውጣቱ ነገር ደግሞ በእናቴ ትእዛዝ ነበር። መጀመሪያ ላይ ለጀግኖቹ የራሳችንን ስም ነበር የምንሰጣቸው። አንድ ቀን እናቴ ሐዋ ከገበያ ስትመለስ፣ ከሊድ ከውስጥ «ሱሀይላ ሞተች! ሱሀይላን በሏት!» ብሎ ሲጮህ ሰማች። የያዘችው ቲማቲም አስፋልቱ ላይ ተበተነ፤ ጩኸቷን ሰምቶ ሰፈሩ ግልብጥ ብሎ ወጣ። እኔን በሕይወት ስታገኘኝ መጀመሪያ አቀፈችኝ፣ ቀጥላ በጥፊ አጮለችኝ። ከዚያ ከሊድንና ጋሽ አብዱን ጎን ለጎን አቁማ፣ «ከዛሬ ጀምሮ የሕያው ሰው ስም እዚያ ጉድጓድ እንዳይገባ! የሞተ ሰው ስም ካላችሁ አስገቡ። በቁሙ ያለ ሰው ስም ካስገባችሁ ግን ወላሂ አልምራችሁም!» አለች። ጋሽ አብዱ እንኳ እንደ ተማሪ አንገታቸውን ደፉ። ከዚያ ወዲህ ጀግኖቻችን ቦሩ፣ ሐርቡ፣ ጦሳና አዝዋ ሆኑ፤ ሁሉም የአገራችን ቦታዎችና ተራሮች። ቦሩ ሰይፈኛ፣ ሐርቡ ሌባ፣ ጦሳ ሐኪም፣ አዝዋ አስማተኛ። ከሊድ ከእነሱ ሌላ ቡድን ይዞ አያውቅም።

ከሊድ የሄደው ብዙ ልጅ እንደሚሄደው ነው። ኮምቦልቻ ክር ፋብሪካ አብረን እንሠራ ነበር። ጦርነቱ መጣ፣ ማሽኑ ቆመ፣ ሲከፈትም መጀመሪያ የተጠሩት ጥቂት ነበሩ። እኔ ተጠራሁ፣ እሱ አልተጠራም። በባቲ ወርዶ፣ በረሃውን አቋርጦ፣ ባሕሩን ተሻገረ። መጨረሻ የደወለው ከየመን ነው። ስለ ረሃቡ ይነግረኛል ብዬ ስጠብቅ እሱ የሚያወራው ሌላ ነው። «ሱሂ፣ ሰማሽ? ጉድጓዱን አድሰው ሊያወጡት ነው! በስልክም በኮምፒውተርም! ጌሙ ውስጥ ባለው መጠጥ ቤት የዓለም ተጫዋች ሁሉ ይገናኛል አሉ። ወላሂ የትም ብሆን በወጣ ቀን እገባለሁ። ቦሩንና ሐርቡን ካየሽ እኔ ነኝ።» እየሳቀ ነበር። ከዚያ ስልኩ ተዘጋ፤ ሦስተኛ ዓመቱን ያዘ፣ አልተከፈተም።

ጋሽ አብዱ ዛሬ ሸብተዋል፤ ቤታቸው ግን እዚያው ነው፣ ፎቶ ኮፒው እንደ ድሮው ወረቀት ያኝካል። ቴሌግራም ላይ «የጉድጓዱ ልጆች» የሚል ግሩፕ ከፍተዋል። አንዱ የከባድ መኪና ሹፌር ሆኗል፣ አንዱ አስተማሪ፣ አንዷ ዱባይ ናት። እዚያ ሲገቡ ግን ሁሉም እንደገና ልጅ ናቸው። የጉድጓዱ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ያለው በር በየትኛው ቁልፍ ይከፈት እንደነበር እየተጨቃጨቁ ይውላሉ። አንዱ በሩ ሲከፈት ሲጢጥ የሚለውን በአፉ አስመስሎ በድምፅ ይልካል፣ ሌላው «አቦ አታስለቅሰን!» ይለዋል። ሠሪዎቹ ቀኑን ባራዘሙ ቁጥር ግሩፑ በስድብ ይሞላል። እኔ ደግሞ ያን ቀን ራቴ ይበላልኛል። ቀኑ እስካልመጣ ድረስ ወንድሜ አለ። ቀኑ መጥቶ ቦሩና ሐርቡ ካልታዩስ? ይህን ሳስብ ማሽኑ ላይ ክሩ ይበጠስብኛል።

ቤታችን ውስጥ ደግሞ ሌላ ጭንቅ ነበር። የእናቴ ወንድም አጎቴ ተውፊቅ ከቦሩ ሜዳ በመጡ ቁጥር አንድ ነገር ይላሉ። «ሐዋ፣ የሙት ሐቅ አለ። በሌለበት ይሰገድበት፣ ሰደቃውም ይውጣለት፣ ልጁ ይረፍ።»

«ባልሞተ ልጅ ላይ ማን ይሰግዳል?» ትላለች እናቴ።

በመጨረሻ የከሊድን መሐላ እኔ ነገርኳቸውና ስምምነት ላይ ደረሱ፤ ጉድጓዱ እስኪወጣ ይጠበቅ። ከሊድ ከታየ ታየ። ካልታየ በሚቀጥለው ጁምዓ ይሰገድበታል። አጎቴ ራሳቸውን ያዙ። «በጌም ነው የሰው ሞትና ሕይወት የሚለየው? ላ ኢላሃ ኢለላህ!» አሉ። ግን እናቴ ከሰጠቻቸው ይኸው ብቻ ነበርና ተቀበሉ።

የሚገርመው እናቴ ናት። ጌሙን እንደ ጠላት ታየው የነበረች ሴት፣ አሁን ከግሩፑ ሁሉ የባሰች ናፋቂ ሆነች። ከሥራ ስገባ ከሰላምታ በፊት «ያ ጉድጓድ ምን ተባለ ዛሬ?» ትላለች። ተራዘመ ስላት ሠሪዎቹን እንደ ሰነፍ የቀን ሠራተኛ ታማቸዋለች። እሷ በተስፋ ስትፈካ እኔ በፍርሃት አልቃለሁ፤ አንድ ምንጣፍ ላይ ተቀምጠን።

ሊወጣ ሳምንት ሲቀረው ጋሽ አብዱ ጠሩኝና አንድ ገጽ አሳዩኝ። ያ የጣኦት ቤት ያልነው ለካ ሙት የሚነሣበት ቤት ኖሯል። የሞተውን ጀግና ተሸክመህ ትገባለህ፣ ወርቅ ትከፍላለህ፣ ተነሥቶ ይወጣል። ዓለም ሁሉ ያውቅ ነበር። «ያን ሁሉ ሳምቡሳ በከንቱ በላን በይኛ!» ብለው ሆዳቸውን ይዘው ሳቁ። እኔ አልሳቅሁም። በሩ ላይ የፈለገው ምስል ይቀረጽ፣ እንዲህ ያለ ቤት ደሴ ውስጥ ቢኖር እገባ ነበር። አላህ ይቅር ይበለኝ፣ እገባ ነበር። ይህን ማሰቤ ራሱ ይበልጥ አስፈራኝ፤ ልቤ ወንድሜን ገና ካሁኑ ከሙታን ጋር ቆጥሮት ነበር ማለት ነው።

የወጣው ሐሙስ ነው። የጧት ፈረቃዬን ጨርሼ ከኮምቦልቻ ሚኒባስ ያዝኩ። ሐረጎ ዳገት ላይ ጉም ወርዶ መንገዱ አይታይም፤ ሹፌሩ ጥሩምባ እየነፋ በቀስታ ይወጣል። ተሳፋሪው ያጉረመርማል፣ እኔ ግን እንዲህ እንደተጎተተ ቢቀር ደስ ባለኝ።

ጋሽ አብዱ በሩን ገርበብ አድርገው፣ አዲስ ካናቴራ ለብሰው ጠበቁኝ። ጌሙን ጭነው ጨርሰዋል። ያ ግራጫ ግድግዳ አሁን ጠል የሚያንጠባጥብ እውነተኛ ድንጋይ ሆኗል፣ ዜማው ግን ያው የድሮው ነው። ዜማው ሲጀምር ጋሽ አብዱ ዓይናቸውን በእጅጌያቸው ጠረጉ።

የጌሙ መጠጥ ቤት ገባን። የጀግና ስም ጽፎ መፈለግ ይቻላል። «ቦሩ» ብለን ስንጽፍ ብዙ ወጣ፤ ከየትኛው አገር እንደሆኑ እንጃ፣ ሌሎቹ ጀግኖቻቸው ግን የእኛ አልነበሩም። «ሐርቡ» ብለው የጻፉት ጋሽ አብዱ ናቸው። አንድ ብቻ ወጣ። ተጫኑት። ቦሩ፣ ሐርቡ፣ ጦሳ።

«አላሁ አክበር! አለ! ከሊድ አለ!» ጋሽ አብዱ ዘለው ተነሡ። ወንበራቸው ተገለበጠ። «አራተኛውን ተመልከቺ፣ ስሙን ራሱ አስገብቶታል! ከሊድ ብሎ! አላልኩሽም?»

እኔም አየሁት። አዝዋ መሆን በነበረበት ቦታ ላይ፣ ከሊድ ይላል።

«ጋሽ አብዱ» አልኩ፣ «እማ ምን ነበር ያለችው?»

መጀመሪያ አልገባቸውም። ከዚያ ሳቃቸው ፊታቸው ላይ እንዳለ ደረቀ። የወደቀውን ወንበር አንሥተው ተቀመጡ፤ ወደ እኔ ማየት አልቻሉም።

ለዚያ ስም «ማን ነህ?» ብዬ ጻፍኩለት። መልስ እስኪመጣ አንድ ሰው ገብቶ መታወቂያ ፎቶ ኮፒ አስደርጎ ወጣ። ከዚያ «ሱሂ ነሽ?» የሚል መጣ። ሱሂ የሚለኝ በዓለም ላይ አንድ ሰው ነው። ለአንድ አፍታ ከወንበሬ የተነሣሁ መሰለኝ፤ እንዲህ ዓይነት ደስታ በሕይወቴ አላየሁም፣ ዳግም እንዲያሳየኝም አልፈልግም። ምክንያቱም ወዲያው ሌላው ተከተለ። «እኔ ሁዘይፋ ነኝ፣ የሐርቡ ከተማ ልጅ። ከሊድ እንዲህ በላት ስላለኝ ነው።»

ቁጥሬን ጻፍኩለትና በስልኬ ደወለ። የልጅ ድምፅ አለው። አሁን ሳዑዲ ውስጥ አንድ ሀብታም ቤት ዘበኛ ነው። ከከሊድ ጋር ባሕሩን አብረው ተሻግረው፣ የመን ውስጥ ደላሎች አንድ ግቢ አጉረዋቸው ከርመዋል። ኮምፒውተር የለ፣ ስልክ የለ። ከሊድ መሬት ላይ በእንጨት ጉድጓዱን እየሳለ፣ ራሱ ማሽኑን ሆኖ ያጫውተው ነበር። «ወደ ግራ ዞርክ፣ በር አለ፣ ምን ታደርጋለህ?» እያለ። ከዚያ ወባ ያዘው። መድኃኒት አልነበረም።

«ስሙን ለምን አስገባኸው?» አልኩት። ጥያቄዬ ቁጣ ነበረበት።

«ራሱ ነው ያለኝ። ጌሙ የወጣ ቀን አዝዋን አውጣና እኔን አስገባኝ፣ የሞተ ሰው ስም እንዲገባ እማ ፈቅዳለች፣ እህቴ ስታየው ይገባታል አለ። ስልካችሁን የያዝኩበትን ወረቀት ደላሎቹ ወሰዱብኝ፤ ሌላ መንገድ አልነበረኝም። ይቅር በይኝ እህቴ።»

ጋሽ አብዱ አለቀሱ። ከዚያ ትልቅ ሰው ሆኑና መከሩኝ። መርዶ እንዲህ አይነገርም፤ ለተውፊቅ ይደወል፣ ነገ በጧት ሽማግሌ ይዘን እንመጣለን፣ አንቺ ዛሬ ምንም እንዳትይ፣ ኔትወርክ እምቢ አለ በይ አሉኝ። እሺ አልኩ። ከቤታቸው እስከ ቤታችን ያለው መንገድ አጭር ነው። ያን ቀን ግን እንደዚያ ፈርቼ የሄድኩበት መንገድ የለም፤ ጦርነቱ ጊዜ እንኳ።

እናቴ በር ላይ ቆማ ነበር። «ወጣ?»

«ወጣ። ግን ኔትወርክ...»

«አሳዪኝ።» ስልኬን ከእጄ ወሰደች። ማንበብ አትችልም፣ ግን ከጋሽ አብዱ ኮምፒውተር ባነሣሁት ፎቶ ላይ አራቱን ጀግኖች አየቻቸው። ጣቷን በአንድ አንድ አሳረፈች። «ይኼ ማነው?»

«ቦሩ።»

«ይኼስ?»

«ሐርቡ።»

«ይኼ?»

«ጦሳ።» አራተኛው ላይ ጣቷ ቆመ። እኔም ቆምኩ። መዋሸት እችል ነበር፤ አዝዋ ማለት አንድ ቃል ነው። አላወጣሁትም።

«ከሊድ ነው የሚለው?» አለች።

በአዎንታ ራሴን ነቀነቅሁ።

«ልጄ ያልኩትን አፍርሶ አያውቅም» አለችና የበሩ ደፍ ላይ ቁጭ አለች። አልጮኸችም። ትጮህ ይሆን ብዬ እጄን ወደ አፏ አስጠግቼ ነበር፤ የሞኝ ነገር። የጋሽ አብዱ ምክርም፣ የሽማግሌው ነገርም እዚያው ቀረ። በኋላ ስታለቅስ ያለ ድምፅ ነው ያለቀሰችው፣ ነጠላዋ እስኪርስ።

ስለ ሁዘይፋ ነገርኳት። ሲበቃት ልጁ ይደወልለት አለች። ደወልኩና ሰጠኋት።

«ሰገዳችሁበት?» አለችው።

«ሰግደንበታል እማ።»

«አጠባችሁት?»

«ውሃ አልነበረም። በአፈር ተየሙም አደረግንለት።»

«አልሐምዱሊላህ።» ትንፋሿን ሰበሰበች። እኔ ስለ አሟሟቱ ትጠይቀዋለች ብዬ ፈርቼ ነበር። እሷ ግን «አንተስ? እናትህ ያለህበትን ታውቃለች?» አለችው።

የልጁ እናት ስልክ የላትም። የጎረቤት ቁጥር በቃሉ ይዞ ነበር፣ ከወጣ ጀምሮ ደውሎ አልሠራለትም። «ሞቷል ብላ ይሆናል» አለና ድምፁ ተቆረጠ። እናቴ የአባቱን ስም፣ የሰፈሩን ስም፣ ከመስጊዱ በየት በኩል እንደሆነ ጠየቀችው፤ ደጋግማ አስነገረችው።

በማግሥቱ አጎቴ ተውፊቅ ጥምጣማቸውን ጠምጥመው ለቅሶ ሊያስቀምጡን ሲመጡ፣ እናቴ ለብሳ ጨርሳ ነበር። «ለቅሶው ይቆየኝ። መጀመሪያ ሐርቡ ልውረድ» አለች። ሊያስቀሯት ሞከሩ፣ አልቻሉም፤ ይልቁንም ተከተሉን። ሚኒባሱ ውስጥ እናቴ በመስኮቱ ውጪውን እያየች ሄደች። እኔ እንደገና ፍርሃቴ መጣ። እዚያ ስንደርስ የዚያችን ሴት ደስታ ስታይ ልቧ ቀጥ ቢልስ?

ያላሰብነው ሌላ ነገር ነበር። ሐርቡ ወርደን ከመስጊዱ ጀርባ ስንታጠፍ፣ ሰው ከየበሩ እየወጣ አየን። ማንም ሰላም አላለንም። ጥምጣም የጠመጠሙ ሽማግሌ ከፊት፣ ዓይናቸው ያበጠ ሁለት የማይታወቁ ሴቶች ከኋላ፣ በጧት። ሴቶቹ ነጠላቸውን እያደገደጉ ከኋላችን ተሰለፉ፤ እኔ ዞር ብዬ ሳይ መንደሩ ተከትሎናል። ያኔ ነው ምን መስለን እንደመጣን የገባኝ።

የሁዘይፋ እናት ነጂባ ግቢዋ ውስጥ ማሽላ እያሰጣች ነበር። ቀና ስትል መጀመሪያ አጎቴን፣ ከዚያ እኛን፣ ከዚያ ከኋላችን ያለውን ሰው አየች። ማንም ምንም ሳይላት «ሁዘይፋዬ!» ብላ ጮኸችና ማሽላው ላይ ወደቀች። ከኋላችን ያሉት ሴቶች ዋይታውን ተቀበሏት።

እናቴ አጎቴን ገፍታ ሮጠች። ስትሮጥ አይቻት አላውቅም። ማሽላው ላይ ተንበርክካ የሴትዮዋን ፊት በሁለት እጇ ያዘች። «አለ! ልጅሽ አለ! ነጂባ፣ ስሚኝ፣ ልጅሽ አለ! ትናንት አነጋግሬዋለሁ፣ ወላሂ አለ!»

ዋይታው ቀስ በቀስ ጠፋ። ነጂባ አላመነችም። የእናቴን ያበጠ ዓይን፣ ጉንጯ ላይ የሚወርደውን እንባ እያየች ወደኋላ ሸሸች።

«ካለ ታዲያ አንቺ ለምን ታለቅሻለሽ?» አለቻት።

«የኔ ነው የሞተው» አለች እናቴ።